ለፕሬዚዳንቱ የተነሳችው ጽዋ

ኤልናታን ፓርሎው ግትር ሰው ነበር። ሥራው ገመድ መሥራት ነው፤ ገመድ ሠሪ ደግሞ ቃጫውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ እየፈተለ ቀኑን ሙሉ ወደ ኋላ ይሄዳል። የሳንድኔክ ወደብ ሰዎች «የኤልናታን ፖለቲካም እንደ እግሩ ነው» እያሉ ይስቁበታል። በከተማው ውስጥ ፕሬዚዳንቱን የሚወድ እሱ ብቻ ነበራ!

የተቀረው ሰው ለምን እንደሚጠላው ለማወቅ ወደቡ ላይ ብቅ ማለት ይበቃል። የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ባሕር ላይ የአሜሪካን መርከቦች እያስቆሙ መርከበኞቹን ለራሳቸው ባሕር ኃይል ሲያፍሱ፣ ፕሬዚዳንቱ ጦርነት ከማወጅ ይልቅ «እንግዲያው አንድም መርከብ ወደ ውጭ አገር አይሂድ» የሚል ሕግ አስወጣ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር አልፏል። የካፒቴን ዘሩባቤል ስኖው መርከብ ሆዷ አረም አብቅሏል። ገመድ የሚገዛም ስለጠፋ የኤልናታንን ቃጫ አይጥ ጎጆ ሠርቶበታል። እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ፕሬዚዳንቱን ክፉ አልተናገረም።

ምክንያቱ ልጁ ናሆም ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እንግሊዞቹ «የኛ አገር ሰው ነህ» ብለው ከዘሩባቤል መርከብ ላይ ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። ፓስተሩ «የመታሰቢያ ስብከት ላድርግለት» ብሎ ቢመጣ የኤልናታን ሚስት መሄጣብኤል «ልጄ አልሞተም» ብላ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችበት። ኤልናታን ደግሞ በልቡ፣ ስለ ልጄ ብሎ ከዓለም ጋር የተኳረፈ ሰው ፕሬዚዳንቱ ብቻ ነው ይላል። እንዴት አይወደው?

ዘሩባቤል የልጅነት ጓደኛው ነው። ያኔ ከባሕር ሲመለስ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በራቸው ላይ ቆሞ የሆነውን ነገራቸው። ከዚያ በኋላ የናሆምን ስም አንስቶ አያውቅም። በየሳምንቱ ዳማ ይጫወታሉ፣ ስለ ሕጉ ይጨቃጨቃሉ፤ ስለ ልጁ ግን ትንፍሽ የለም።

በጁላይ አራት፣ በነፃነት በዓል፣ ከተማው ወደቡ ዳር ረጅም ገበታ ዘርግቶ በመጀመሪያዎቹ ግዛቶች ቁጥር አሥራ ሦስት ጽዋ ያነሳል። ከእያንዳንዱ ጽዋ በኋላ ዘጠኝ ጊዜ ሆ ይባላል። ለመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሚነሳው ብቻ ነው ቆመው በዝምታ የሚጠጣው፣ እሱ ሞቷልና። አሥራ ሦስቱ ሲያልቁ የፈለገ ሰው የራሱን ማንሳት ይችላል። ሁለተኛዋ ጽዋ በሥልጣን ላይ ላለው ፕሬዚዳንት ነበረች። ዘንድሮ ዝርዝሩን የሚጽፈው ዘሩባቤል ነው።

በበዓሉ ጠዋት ኤልናታን አላስችል ብሎት ሥራ ላይ ነበር። ካፒቴኑ ወደ ገመድ መሥሪያው ዳስ መጣ።

«ሁለተኛዋን ጽዋ ሰርዘሃታል አሉ» አለው ኤልናታን፣ እየፈተለ ወደ ኋላ እየሄደ። ከገመድ ሠሪ ጋር መጨቃጨቅ የፈለገ ሰው እየተከተለ ነው የሚጨቃጨቀው።

«አዎ ሰርዣታለሁ። መርከቤን ላሰረ ሰው ጤና ልለምንለት?»

«እንግዲያው እኔ አነሳታለሁ።»

«አንተ ሽማግሌ፣ አርፈህ ተቀመጥ! የሚቀበልህ የለም። እጅህን ሰቅለህ እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ነው የምትቀረው።»

«እቀራለኋ!»

«ቆይ፣ ምን አድርጎልህ ነው ይሄ ሰውዬ?»

ኤልናታን መፍተሉን ቀጥሎ ወደ ኋላ ሄደ። ካፒቴኑ መከተሉን ተወ።

ቤት ሲገባ መሄጣብኤል ነጩን ሸሚዝ ዘርግታ ጠበቀችው። «ብቻህን የምትቆም ከሆነ ንጹሕ ሆነህ ቁም» አለችው።

በገበታው ላይ የሳልሞን ዓሣውና አተሩ ተበላ፣ በተሰረዘችው ፈንታ ሌላ ተተክቶ አሥራ ሦስቱም ጽዋ ተጠጣ። ኤልናታን ብድግ አለና የፖም ጠጁን ከፍ አደረገ።

«ለፕሬዚዳንታችን! ልጆቻችን ከመርከባችን ላይ ሲነጠቁ ዝም ላላለው!»

ማንም አልተነሳም። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንዱ ሳህኑን ማየት ጀመረ። ኤልናታን ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ስድብ ይሻለው ነበር። ይህ ዝምታ ቅድም ለሟቹ ፕሬዚዳንት የሰጡት ዝምታ ነው። ጽዋውን ማውረድ ግን አልቻለም። ካወረደው ናሆም ሞቷል ብሎ የተስማማ መሰለው።

ያኔ ዘሩባቤል ተነሳ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ይሄ ሰውዬ ያነሳው ጽዋ ጎዶሎ ነው» አለ። «ልሙላው። ናሆም ፓርሎው! ከኔ መርከብ ላይ ነው የወሰዱት። ‹ካፒቴን!› ብሎ ጠራኝ። እኔ ምንም አላደረግሁም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሙን መጥራት አፍሬ...»

ሰዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። ካፒቴኑ ገበታውን በቡጢ መታው።

«ባርኔጣችሁን አድርጉ! ዝምታ ለሞተ ሰው ነው። ይሄ ልጅ አለ! ጩኹ እንጂ!»

ሆ አሉ። ካፒቴኑ እየቆጠረ ሲያስጮህ አምስተኛው ላይ አልቅሶ መቁጠሩን ረሳው፤ እነሱም ከዘጠኝ አለፉ። ገበታው የወንዶች ስለነበር ከአጥሩ ወዲያ ከቆሙት ሴቶች መሃል የመሄጣብኤል ድምፅ ይሰማ ነበር። ሁሉም ጠጡ፤ ኤልናታንም ጽዋውን እስከ ጠብታው ጨለጠና ክንዱን አወረደ።

«ለፕሬዚዳንትህ እንዳይመስልህ» አለ ዘሩባቤል አፍንጫውን እየጠረገ።

«አውቃለሁ። ግን እሱም እዚያው ጽዋ ውስጥ ነበር፤ ጠጥተኸዋል።»

«ለካ እሱ ነው የመረረኝ!»

መሄጣብኤል አጥሩን ዞራ መጣች። ለሦስት ዓመት አፍና የኖረችውን ጥያቄ ይዛ ካፒቴኑ ፊት ቆመች።

«ያን ቀን ይበርድ ነበር?»

«ይበርድ ነበር።»

«ሻርፑን አድርጎ ነበር?»

«ግራጫውን፣ አንቺ የሠራሽለትን» አለ ዘሩባቤል። «ጀልባው ሲወስደው እሱን እያውለበለበልን ነው የሄደው።»

መሄጣብኤል አግዳሚው ላይ በሁለቱ ሽማግሌዎች መሃል ተቀመጠች። «በል ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» አለችው።