ሃያ ላይ ይቆማል

እንደገና ሃያ ላይ፣ ፕሮግራሙ ሃያ ካርድ ያወጣና ድርቅ ይላል፣ በቃ፣ አሮጊቷ በእጅ በእግር ጣቷ ነው የምትቆጥረው፣ ደግነቱ ጣት አላነሳትም፣ መነጽር ልትለካ ክሊኒክ ብትመጣ የልጅ ልጇ ነይ እማማ ፕሮግራሜን በአንቺ ካርድ እሞክራለሁ ብላ እዚህ ካርድ ክፍል ጎልታታለች፣ እስካሁን የሷ ካርድ ተራው አልደረሰም። ልጅቱ ዘግታ ትከፍታለች። ሃያ። ድርቅ። ስድስት ወር የለፋችበት ነው፣ የሰዉ ካርድ ሁሉ ጓሮ ክፍል ባለው ኮምፒውተር ዳታቤዝ ውስጥ ገብቷል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ፕሮግራም እየደወለ የእገሌን አምጣ ይለዋል፣ ያመጣል፣ አሮጊቷን የገባት እንዲህ ነው፣ ደግሞ ልክ ነው፣ እስከ ሃያ።

የካርድ ክፍሉ ኃላፊ በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች፣ እስከ ስድስት ሰዓት ካልሠራ ወደ ወረቀታችን እንመለሳለን እህቴ፣ እህቴ ስትል የእንጀራ እህት ዓይነት ነው፣ ልጅቱ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው።

ሃያ፣ ሃያ፣ የት ነበር ሃያ፣ ስልክ ቤት፣ አሮጊቷ በልጅነቷ ትሠራበት የነበረው የስልክ ማገናኛ ቦርድ፣ ሃያ ገመድ፣ ለሰው ስታወራ ስልሳ ትላለች፣ አንዴ ጎረቤት ፊት መቶ ሃያ አድርሳዋለች፣ ማን ሄዶ ይቆጥራል፣ መብራቷ ቦግ ስትል መሰካት፣ ይጠብቁ፣ መስመር እያገናኘሁ ነው፣ በዚያ በሐር ድምፅ፣ ያንን ድምፅ የት ጣለችው፣ ሲጨርሱ መንቀል፣ ካልነቀሉት ማንም ባያወራበትም ገመዱ ተይዟል፣ ያ መንገድ ቀያሽ፣ ከሩቅ ካምፕ እየደወለ ለመሥሪያ ቤቱ ስንት ሜትር እንደቀየሰ ሲናገር ማዳመጥ፣ ሜትር እንዲህ ይጣፍጣል? ከዘጋ በኋላም አትነቅለውም፣ ሽሽሽ የሚለው ባዶ መስመር እሱ ያለበት አገር ነፋስ ይመስላታል፣ እሱን እያሰበች የሌላውንም ሳትነቅል ሃያውም ተይዞ ከተማው ሲንጫጫ አለቃዋ በማስመሪያ ጣቷን ቷ፣ አንቺ፣ ያለቀ ወሬ ላይ ምን ትሠሪያለሽ። ኋላ ቀያሹ ሲያገባት ቀለበቱ የገባው በዚያው ጣት ነው፣ ባይሆንም ነው።

ስሚ አንቺ፣ ካርዱ ከመጣልሽ በኋላ ትነቅያለሽ? ምኑን እማማ? መስመሩን። እማማ ዛሬ ሙድ አትያዢብኝ፣ እንባዋ ዓይኗ ጫፍ ላይ ነው። ሁሌ ሃያ ላይ ነው የሚቆመው። ሃያ ነው ወይስ ያንቺ ሃያ? የእጇን ነው ያገኘችው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትለጥጥ ኖራ ዛሬ ማን ይመናት። ሃያ፣ በአያትሽ አጥንት። በሱ ምላ አታውቅም፣ ልጅቱም ይህን ታውቃለች።

ልጅቱ የጻፈችውን ከላይ ጀምራ ታየዋለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እከፍታለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ አነባለሁ፣ ደግሞ እከፍታለሁ፣ እማማ አልዘጋሁትም፣ ለየካርዱ አዲስ መስመር እየከፈትኩ አንዱንም አልዘጋሁም፣ ዳታቤዙ ደግሞ በአንዴ ከሃያ መስመር በላይ አይቀበልም። መስመሩን የምትዘጋ አንዲት አጭር ቃል ትጨምራለች፣ ኃላፊዋ ትጠጋለች፣ አስራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ የአሮጊቷ ትንሿ ጣት ጫማ ውስጥ ኩምትር ትላለች፣ ሃያ አንድ። ጣት አለቀባት። ኃላፊዋ ሰዓቷን በእጅጌዋ ትሸፍናለች።

ሃያ አንደኛው የራሷ ካርድ ነው፣ ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ ከሱም አራት ዓመት ሰርቃለች፣ ከሥሩ በካርድ ቁጥሯ ከሌላ ሠንጠረዥ ተጎትቶ የመጣ፣ የቅርብ ተጠሪ፣ ባለቤት፣ ስልክ። የሱ ስልክ። የልጅቱ እጅ ይቆማል፣ እማማ፣ ይሄ የአባባ ቁጥር እኮ ነው፣ ማንም አያነሳውም፣ ልሰርዘው? ኃላፊዋ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ በደንባችን መሠረት ተጠሪው በሕይወት ያለ ሰው መሆን ይኖርበታል፣ ይቅርታ እማማ።

ያንቺን ቁጥር ከላይ ጻፊው፣ ያቺን የሱን ተያት። ያለቀ ወሬ ላይ ምን ትሠሪያለሽ፣ ማስመሪያው ይመጣል፣ ይምጣ፣ ሌላውን ሁሉ ንቀይ ልጄ፣ ይቺን አንዷን አትንቀዪብኝ፣ ሽሽሽ ትላለች፣ እሱ ጋ ነፋስ አለ፣ ይጠብቁ፣ መስመር እያገናኘሁ ነው