እሳቱ ያልደረሰበት ቤት

አባቴን አዳማ «አፍራሹ መርዳሳ» ብላ ጠራችው፣ «አፍራሹ መርዳሳ» ብላም ቀበረችው። እኔ ዲንቄ የበኩር ልጁ ነኝ። ይህን ሳወራ ለምን ትቆጪያለሽ የሚለኝ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ የሱን አባት እንዲህ ብለው ይጥሩለትና ያን ጊዜ እንነጋገር።

የአባቴ ሥራ እሳት ማጥፋት ነበር። ውሃ በአህያ ተጭኖ ከሩቅ በሚመጣበት አገር የሣር ቤት እሳት በውሃ አይጠፋም። ነፋሱን አይቶ፣ እሳቱ ገና ያልደረሰበትን ቤት መርጦ፣ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ በታሰረ የብረት መንጠቆ ጣራውን ስቦ መጣል ነው። እሳቱ የሚበላው ሲያጣ እዚያው ይሞታል። ባቡሩ አገራችን ከገባ ወዲህ በየበጋው ፍንጣሪው የሃዲዱን ዳር ሣር ስለሚያያይዘው፣ የገበያው ሽማግሌዎች አባቴን የእሳት አለቃ አሉት። ጎረምሶቹን አሰልፎ በኦሮምኛ «ዲጋ!» ብሎ ይጮህ ነበር፤ አፍርሱ ማለቱ ነው። ያን ጩኸት የማያውቅ የአዳማ ሰው አልነበረም።

ስሙን ያጠፋው የእህል ነጋዴው ኑሬ ነው። አንድ የገበያ ቀን እሳት ተነስቶ ሲመጣ አባቴ የኑሬን ቤት አፈረሰ። እሳቱ ከፍርስራሹ ፊት ቆመ፤ ከኋላ ያለው ሠፈር በሙሉ ተረፈ። ኑሬ ግን ከወለንጪቲ እስከ ዓለም ጤና በደረሰበት ገበያ ሁሉ፣ «እሳቱ እኮ እኔ ቤት አልደረሰም! ያልተቃጠለ ቤት ምን በድሎ ነው የፈረሰ?» እያለ አወራ። ሰውም እውነቱን ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ። ያልደረሰው እኮ ቤቱ ስለፈረሰ ነው! ይህን ለማወቅ ምን ሊቅነት ይጠይቃል?

አባቴ ያፈረሰውን ቤት በማግስቱ ሄዶ የመሥራት ልማድ ነበረው። እንጨቱን ራሱ ይሸከማል፣ እኛ ልጆቹ ሣሩን ተሸክመን እንከተለዋለን። ኑሬ ዘንድ ስንደርስ ደጁ ላይ አቆመን።

«ባፈረሰ እጅ የተተከለ ምሰሶ ቤቴ አይገባም» አለ።

አባቴ እንጨቱን እንደተሸከመ ተመለሰ። በዚያው እንጨት ግቢያችን ውስጥ መጫወቻ ጥላ ሠራልን። እኔ ሳለቅስ «ሰው ቤቱ ሲፈርስበት ያመዋል፣ ተይው» አለኝ። እኔ ግን ይኸው እስከዛሬ አልተውኩትም።

እቤት እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ማታ ማታ ምድጃውን በአመድ የሚያዳፍነው ራሱ ነው፤ እናቴን እልፍነሽን እንኳ አያምናትም። እሷም «እኔን ከምታገባ ምድጃውን ብታገባ ይሻልህ ነበር» ትለዋለች። ከእሳት ሲመለስ ጥላሸቱን ሳይታጠብ ሕፃን አያቅፍም፤ ደጅ ቆሞ እያሳለ እኛን በስም በስማችን ይጠራል፣ ሁላችንም «አቤት» ካላልን አይገባም። በኋላ ጭሱ ደረቱን ሲጎዳው መንጠቆውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የልጅ ልጆቹን ማጉረስ ሥራው አደረገ። በመጨረሻም ያው ሳል ወሰደው።

ጎረቤት እንደ ወጉ ደጃችን ላይ ዳስ ጣለ፤ ምሰሶ ተክሎ በቅጠልና በሣር ከደነው። ኑሬም ለቅሶ መጣ። በዚያን ጊዜ ከእኛ አጥር ጋር የሚዋሰን ትልቅ የእህል መጋዘን ሠርቶ ነበርና፣ ቢቀር ሰው ምን ይለዋል?

በሣልስቱ ሽማግሌዎቹ የአባቴን ሥራ እያነሱ ሲያመሰግኑ ኑሬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነፍሱን ይማርና ደግ ሰው ነበር» አለ። «ያችን ቤቴን ግን በከንቱ ነው ያፈረሰብኝ። እሳቱ እኮ አልደረሰም ነበር።»

በለቅሶው ላይ! አፈሩ ሳይደርቅ! እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ደሜ ፈላ። ለቅሶውን አልፈለግኩም፤ በሰው ፊት «መርዳሳ ልክ ነበር» እንዲል ብቻ ነበር የምፈልገው። ልናገረው ብድግ ስል ባቡሩ እያፏጨ አለፈ፤ ትንሽ ቆይቶም ከሃዲዱ በኩል «እሳት! እሳት!» የሚል ጩኸት መጣ።

ነፋሱ እሳቱን ወደ ዳሱ ይነዳዋል፤ ከዳሱ ቀጥሎ ያለው የኑሬ መጋዘን ነው፣ የዓመቱን እህል የያዘ። የኛ ቤት ከነፋሱ መንገድ ወጣ ብሎ ነበር። ኑሬ መጋዘኑን አየ፣ ዳሱን አየ፣ ከዚያም በሁለት እጁ ራሱን ይዞ ጮኸ፦

«ዳሱን አፍርሱት! ዲጋ! ዲጋ!»

ዲጋ አለ! በአባቴ ቃል!

መንጠቆውን ከግድግዳው አወረድኩት። ከዳሱ ሥር ደርሼ ግን ቆምኩ። መጋዘኑ ይቃጠልበት አልኩ በልቤ፤ ይቃጠልበትና ቤት ሲተርፍና ሲቃጠል ያለውን ልዩነት ይወቅ። እናቴ ከኋላዬ መጣች።

«ምን ትጠብቂያለሽ? የአባትሽን ሥራ ሥሪ እንጂ!»

መንጠቆውን ክዳኑ ውስጥ ሰክቼ ሳብኩ። ጎረምሶቹ ገቡበት፣ ዳሱ ወረደ፣ ቅጠሉንና ሣሩን ጎትተው አራቁት። እሳቱ በሃዲዱ በኩል ያለውን አጥራችንን በልቶ ባዶው መሬት ላይ ደረሰና ጠፋ።

አባቴን ስናለቅስበት የነበረው ቦታ ሜዳ ሆነ። ኑሬ የመጋዘኑን ግድግዳ በእጁ ይዳብሳል። መንጠቆውን እንደያዝኩ ወደሱ ሄድኩ፣ ለቀስተኛውም ዞሮ አየኝ።

«ጋሼ ኑሬ» አልኩት፣ «እሳቱ እኮ ዳሱ ጋ አልደረሰም። የአባቴን ዳስ ምን በድሎ ነው ያስፈረሱብን?»

አንድ ሽማግሌ ሳቁ አምልጦት አፉን በጋቢው ሸፈነ።

በማግስቱ ኑሬ ስንት አሽከር እያለው እንጨት በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ደጃችን መጣ። በሩን ልዘጋበት ነበር፤ እናቴ ቀድማኝ የእንጨቱን ጫፍ ተቀበለችው። ቀኑን ሙሉ ዳሱን መልሶ ሲተክልና ሲከድን ዋለ። ሲጨርስ ላቡን እየጠረገ ወደኔ መጣ፣ ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሳም።

«ዲንቄ፣ መርዳሳ ልክ ነበር» አለኝ።

ስንት ዘመን የጠበቅኩት ቃል! ስሰማው ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ የባሰ ተናደድኩ።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ ጋሼ ኑሬ?» አልኩት። «አባቴ ያን ጊዜ እንጨት ተሸክሞ ደጅዎ ላይ ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ ነበር መናገር።»