ዝናቡ ሲገባ ነዪ

ግንቦት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ በእንግሊዝ ሰዓት ከቀኑ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ሮማንወርቅ ለንደን፣ ባተርሲ አውቶብስ ማቆሚያው ጋ ቆማ ነበር። ሰኞ ትምህርት ስለሚጀመር የምትሠራበትን የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሲያጸዱ ነው የዋሉት፤ እጇ ገና በረኪና ይሸታል። ስልኳ ጮኸ። የማርቫ ልጅ ሌዊ ነው።

"አንቲ ሮማን" አላት በእንግሊዝኛ፣ "ማሚ ሞተች። ዛሬ ጠዋት። ዝናብ ሊመጣ ነው ብላ ልብስ ከገመድ ልታነሣ ወጥታ እዚያው ወደቀች።"

እንዲህ ነው የነገራት። መርዶ ጎህ ሳይቀድ በር ተንኳኩቶ፣ ደጋፊ ግራና ቀኝ ቆሞ የሚነገር ነገር ነው እንጂ፣ የአውቶብስ ካርድ በእጅ ይዘው መንገድ ላይ የሚሰሙት አይደለም። ልጁን ግን አልተቀየመችውም። ለንደን ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ የሚያውቀውን አደረገ። "አይዞህ፣ እኔ አለሁ" አለችውና አውቶብሱ ሲመጣ ተሳፈረች። ሁለት ፌርማታ ቻለች። ከዚያ አልቻለችም። ሰው ሁሉ ስልኩን አጎንብሶ ማየት ጀመረ፤ አንዲት አሮጊት ብቻ ከኋላ እጇን ሰድዳ ሶፍት ሰጠቻት።

ማርቫ የካሪቢያኗ ደሴት የሴንት ሉሲያ ሰው ነበረች። ከሮማንወርቅ ጋር በአንድ ወጥ ቤት፣ በአንድ ምድጃ፣ አሥራ አራት ዓመት ሠርታ ጡረታ ስትወጣ ወደ ደሴቷ ተመለሰች። ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው። በደወለች ቁጥር የምትለው አንድ ነበር፦ "ዝናቡ ሲገባ ነዪ። ቱሪስቶቹ ይሄዳሉ፤ ተራራው ይሸታል። ያን ጊዜ ነው አገሬ አገር የሚመስለው።" ሮማንወርቅም "ለከርሞ" ትላታለች።

ብድርም ነበረባት፤ የለቅሶ ብድር።

የሮማንወርቅ እናት ደሴ ላይ ያረፉ ጊዜ የመኖሪያ ፈቃዷ ገና አልደረሰም ነበርና አገር መግባት አልቻለችም። የምትኖርበት የኬኒንግተን ሰፈር ያገር ልጅ በማለዳ መጥቶ አረዳት፤ ሳሎኗ ፍራሽ ተዘረጋ። ሮማንወርቅ አልቃሽ ናት። ማንም አላስተማራትም፤ በልጅነቷ ደሴ ለቅሶ ቤት ደጅ ተቀምጣ ከሴቶቹ አፍ የለቀመችው ነው። ለንደን ውስጥ ለቅሶ ቤት ሲቀዘቅዝና ሰው ሰዓቱን ማየት ሲጀምር ዓይኑ ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል። ቄሱ "ልጄ፣ ሙሾው ይቅርብሽ" ይሏታል፤ "እሺ አባ" ትላለች፤ በሚቀጥለው ለቅሶ እንደገና ታወርዳለች። የገዛ እናቷ ቀን ግን አንዲት ስንኝ አልወጣላትም። ሁለት ቀን ሙሉ ደርቃ ተቀመጠች።

ማርቫ በሁለተኛው ቀን የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጥታ ከሴቶቹ መሐል ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። የሚባለውን አንዲት ቃል አትሰማም። ብርጭቆ አጠበች፤ ሽሮ ብዪ ሲሏት በላች፤ አድራ በማግስቱም ተቀመጠች። በመጨረሻ ወደ ሮማንወርቅ ጠጋ ብላ፣ "እናትሽ ስሟ ማን ነው? ስሟን ለማላውቀው ሰው ማልቀስ አቃተኝ" አለቻት።

"ጥሩብርሃን" አለች ሮማንወርቅ።

ማርቫ ስሙን እንደምንም አፏ ውስጥ አገላብጣ ጮክ ብላ ጠራችና አለቀሰች። ሮማንወርቅ እናቷን ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው። ከሴቶቹ አንዷ እንባዋን እየጠረገች "ይቺስ የኛው ሰው ናት፤ ደሴ ነው የተወለደችው በሏት" አለች፤ የሳቀም ነበር።

እንግዲህ ይቺ ማርቫ ናት የሞተችው።

የሮማንወርቅ ልጅ ብሩክታዊት ማታውኑ ላፕቶፗን ከፍታ ቲኬት ትፈልግላት ጀመር።

"ማሚ፣ ፍዩነራሉ መቼ እንደሆነ ቼክ አድርገሻል?"

"ቀብሩማ ዛሬ አለቀ።"

"ማን አለሽ?"

"ይኼ ይጠየቃል እንዴ? በሙቀት አገር ሬሳ ያድራል? እዚህ ነው እንጂ ሰውን ሦስት ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ የሚያከርሙት። ማርቫ አገሬ እንዳገርሽ ነው ስትለኝ ነው የኖረችው።"

"ማሚ፣ ሊስን፣ ለሌዊ ቴክስት ላድርግለት?"

"ተይ! ሐዘን የገባው ልጅ ቀጠሮ አይጠየቅም። ለቅሶ ይደረሳል እንጂ!"

"ሪሌቲቭሽ እኮ አይደለችም። ቪዲዮ ኮል ብታደርጊላቸውስ?"

"እንባ በስልክ አይላክም" አለች ሮማንወርቅ። ብሩክታዊት ትከሻዋን ነቅንቃ ቲኬቱን ቡክ አደረገች፤ ሰኞ መሄጃ፣ ረቡዕ ማታ መመለሻ። የወጥ ቤቱ ኃላፊም ማርቫን ስለምታውቃት ፈቀደች፤ ከሐሙስ ጠዋት ግን አንዲት ቀን አልጨምርም አለች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ታክሲው ከአየር ማረፊያው ወጥቶ ዳገቱን ሲያያዘው ሰማዩ የሰኔ ሰማይ መሰለ። ደመናው ወርዶ ከሙዙ ተክል ጋር ተነካካ። ከዚያ ጣለው። የለንደን ዝናብ ሽታ የለውም፤ ይኼኛው ግን አፈሩን ከሥር ቀስቅሶ አስነሣው። ሮማንወርቅ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ፊቷን አወጣች። ማርቫ እውነቷን ነበር። ደስ አላትና ወዲያው አፈረች፤ ለቅሶ የመጣች ሴት ዝናብ ታሽታለች!

ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ከለንደን ጀምራ ሳታፈስ ይዛው የመጣችውን እንባ እዚያ ደጅ ላይ ለቀቀችው።

"ወይኔ ማርቭዬ! ወይኔ እህቴ! ወይኔ!"

ደረቷን እየደቃች ገባች። በረንዳው ላይ ሬዲዮ ይዘፍናል። ሁለት ሰዎች ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ሆነው መስኮት ነጭ ቀለም ይቀባሉ፤ ከጓሮ የሽንኩርት ቁሌት ይሸታል። ቀቢዎቹ ቡሩሻቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። አንዱ ሮጦ ሬዲዮውን አጠፋ። ዝናብ እየመታቸው መሰላል ላይ ወጥተው አሸንዳ ሲያስሩ የነበሩት ሽማግሌ ወደ ታች እያዩ ጮኹ፦

"ማን ሞተ?"

"ማርቫ!" አለች ሮማንወርቅ እየተንሰቀሰቀች።

"እሱንማ እናውቃለን! ከእሷ ሌላ ማን ሞተ ነው የምልሽ!"

ሽማግሌው የማርቫ ታላቅ ወንድም ሲላስ ነበሩ። ወርደው ማንነቷን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "አንቺ ነሻ የለንደኗ ሮማን" አሉ። "ሁለተኛ ሰው ሞተብን ብዬ ከመሰላሉ ልወድቅልሽ ነበር። ያኔ ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። እኛ ደግሞ ያሰናዳነው ለአንድ ቀብር ነው።"

ሮማንወርቅ እንባዋን ዋጠች። "የት ነው የተቀበረችው? መቃብሯን ያሳዩኝ።"

"አልተቀበረችም። ከተማ ሬሳ ቤት ናት። ልጇ ከለንደን፣ እህታችን ከካናዳ እስኪገቡ ነው የምንጠብቀው። ቀብሩ የፊታችን ቅዳሜ ሳይሆን የሚቀጥለው ነው።"

እሷ ረቡዕ ተመላሽ ናት። በረንዳው ላይ ያለው ወንበር ተሳበላትና ተቀመጠች። አልቅሳ ልታስለቅስ መጥታ የሚለቀስበት ቤት የለም። እነዚህ ሰዎች ገና ቤታቸውን እየቀቡ ነው፤ ሐዘናቸውን ለቀኑ አስቀምጠውታል። ካካዎ አፍልተው በትልቅ ኩባያ ሰጧት፤ የተቀቀለ ጥሬ ሙዝ በዓሣ አቀረቡላት፤ የማርቫን አልጋ አነጠፉላት። ደግነታቸው ባሰባት። ለብሩክታዊት ደውላ ስትነግራት ልጅቷ አልሳቀችባትም። "ኦ ማሚ" ብቻ አለቻት፤ ቀስ ብላ።

ማክሰኞ ጠዋት ሲላስ አካፋ ይዘው በሯ ላይ ቆሙ።

"ከባዱ ዝናብ ሳይገባ ጉድጓዱን ቆፍረን ውስጡን በብሎኬት ልንገነባ ነው። ያለዚያ ዳገቱ ጭቃ ይሆንብናል። ብቻሽን ከምትቀመጪ ነዪ።"

"ሰው ሳይገባበት ጉድጓድ ተከፍቶ ያድራል?"

"ያድራል። ምነው?"

"እናቴ ባዶ ጉድጓድ ሰው ይጣራል ትል ነበር።"

ሽማግሌው ጆሯቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። "እዚህም የሚሉ አሉ። ቢጣራ የሚጠራው እኔን ነው፤ ተራው የኔ ነው። ደግነቱ በዚህ ጆሮዬ አልሰማም።"

መቃብር ቦታው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ተዳፋት ላይ ነው። አራት ሰዎች እየተፈራረቁ ቆፈሩ። አፈሩ ቀይ ነው። ሮማንወርቅ ዛፍ ሥር ቆማ አየች። በአገሯ ሴት ጉድጓድ ሲቆፈር ቆማ አታይም፤ የምትደርሰው ከሬሳው ጋር ነው። እዚህ ሬሳ የለም፤ ፎቶግራፍ እንኳ የለም። ጉድጓዱ እየጠለቀ ሲሄድ ግን አንድ ነገር ገባት። በቀብሩ ቀን ማርቫ ወደዚህ ስትወርድ እሷ አትኖርም። ማርቫ የምትተኛበት ቦታ ላይ ልትቆም የምትችለው ዛሬ ብቻ ነው።

ዝናቡ መንጠባጠብ ጀመረ። ቆፋሪዎቹ ሊጠለሉ ወጡ። ሮማንወርቅ ወደ ጉድጓዱ አፋፍ ሄደች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ድምፅዋ መጀመሪያ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ወጣ፦

"ዝናቡ ሲገባ ነዪ ነበር ያልሽኝ፣
መጣሁ ከነሻንጣዬ ምነው አልተቀበልሽኝ።

ቋንቋዬን ሳታውቂ እንባዬን አወቅሽው፣
የእናቴን ስም ጠይቀሽ እንደ ልጅ ጠራሽው።"

ዝናቡ በረታ፤ እሷም አላቆመችም። አሥራ አራት ዓመቱን አወረደችው። ክረምት ክረምት ማርቫ ጓንቷን እንዴት አንድ አንድ እንዳካፈለቻት፣ ለብሩክታዊት ምሳ ሸሽጋ ታወጣ እንደነበር፣ ፍራሹ ላይ ስትቀመጥ ጉልበቷ እንዴት እንደጮኸ። ሰዎቹ ከዛፉ ሥር አንድ በአንድ ወጥተው ዝናቡ ውስጥ ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስትጨርስ ሲላስ ጠጋ አሉ።

"ምን አልሻት?"

በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። የዝናቡን ስትነግራቸው ፈገግ አሉ፤ "አዎ፣ እንደዚያ ትል ነበር።" የፍራሹን ስትነግራቸው ግን ፈገግታቸው ጠፋ።

"ይኼን አልነገረችንም" አሉ። "ለንደን ብቻዋን ነበረች እያልን ነው እኛ የኖርነው። እናታችን በየማታው ስለዚያ ስታለቅስ ነው የሞተችው። ልጄ ወንበር የሚስብላት ሰው የለም ትል ነበር።"

"ቤቴ ቤቷ ነበር" አለች ሮማንወርቅ። "ሙሉ ቤት ሰው ያውቃት ነበር። የኛ ሴቶች ደሴ ነው የተወለደችው ይሏት ነበር።"

"ደሴ የት ነው?"

"ተራራ ላይ። በሰኔ ይዘንባል።"

ሲላስ ብሎኬት ክምሩ ላይ ተቀመጡ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። ከቆፋሪዎቹ ትልቁ ትከሻቸውን ይዞ ቆመ። ሮማንወርቅ አጠገባቸው ተቀመጠች። ልታጽናናቸው አልሞከረችም፤ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው መጀመሪያ ያለቅስ ዘንድ ይተዉታል።

ዝናቡ ሲያባራ ብሎኬቱን ገነቡ። ከዚያ ሲላስ ትላልቅ ቆርቆሮ አስመጡ። ጉድጓዱን ሲያለብሱት ሮማንወርቅ የአንዱን ቆርቆሮ ጫፍ ያዘች፤ ማንም ተይ አላላትም። ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫኑበት።

"አሁን አይጣራም" አሉ ሲላስ።

"አይጣራም" አለች።

ረቡዕ አየር ማረፊያ ድረስ ሲላስ ራሳቸው ሸኟት። ከመኪናው ስትወርድ፣ "እናትሽ ስሟ ማን ነበር ያልሽኝ?" አሏት። ነገረቻቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሟት።

ሐሙስ ጠዋት ሮማንወርቅ ባተርሲ፣ ድስቷ ፊት ነበረች። ሰኔ 8፣ በቀብሩ ቀን፣ ብሩክታዊት ማንም ሳያዛት ፍራሹን ከመኝታ ቤት ጎትታ ኬኒንግተን ሳሎን ውስጥ ዘረጋችው። የሰፈሩ ሴቶች መጡ። ማርቫን የማያውቁት ስሟን ጠይቀው አለቀሱ።

ማታ ሌዊ ከሴንት ሉሲያ ደወለ። እሷ ከሄደች ወዲህ ዝናቡ አላባራም ነበር አላት። ቆርቆሮው ሲነሣ ግን ጉድጓዱ ደረቅ ነበር።