አረማመዷ

«ያንቺን አረማመድ ባናገኝ ኖሮ እንኳን ሊራመድ፣ መቆምም አይችል ነበር» አላት፣ ከአባቷ ጋር ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ የኖረው መሐንዲስ። ምስኪን፣ ማጽናናቱ ነው። በአባቷ ለቅሶ ላይ፣ በለቀስተኛው መሀል ወንበሩን ጎትቶ ተጠጋትና ስልኩን ዘረጋላት።

ስልኩ ላይ ባለሁለት እግር ሮቦት ይራመዳል። ማሽን በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰው ሁሉ በሚስቅበት ዘመን አባቷ የጀመረው፣ ኋላም ስሙን ያስጠራለት ሥራ ነው። ሮቦቱ ግራ እግሩን ወደ ውጭ ወርወር አድርጎ ያሳርፋል፤ ቁርጥ እሷን።

«የእኔን ከየት አገኛችሁት?»

«ልጅ ሳለሽ ጫማሽ ላይ ትታሰር የነበረችው መሣሪያ መዝግባው ነዋ! ጤነኛ ሰው ሲራመድ ምኑ ይታያል? አንቺ ግን ልትወድቂ ስትዪ እንዴት እንደምትተርፊ... እሱን ነው ያስተማርነው። አባትሽ አልነገረሽም እንዴ?»

አባቷ የነገራት ሌላ ነው። ልጅ ሳለች ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ ተንበርክኮ መሣሪያዋን ያስርላታል። «ሐኪሙ ነው ያዘዘልሽ፣ የኔ እመቤት። እግርሽን ያቃናልሻል» ይላታል። ኮሪደሩን ስትመላለስ እሱ ወደ ኋላ እየተራመደ ከፊት ከፊቷ ይሄዳል። እግሯ ዝሎ እንኳ «ትንሽ ልጨምር» ትለው ነበር፤ መዳን ነበራ! በሚመጣው ዓመት ገመድ እዘላለሁ እያለች ለጎረቤት ልጆች ጉራዋን ነዝታለች።

ከጎኗ ወደተቀመጠችው እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

እናቷ መሐረቧን አጠፈች፤ መልሳ ዘረጋችው። «ደስ ይልሽ ነበር እኮ» አለች በሹክሹክታ። «እሱን ያን ያህል ጊዜ ማን አግኝቶት ያውቃል? እኔ እንኳ አላገኘሁትም።»

አባቷን እንዳትጠይቀው ሞቷል፤ እናቷ ላይ እንዳትጮህ ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ከድተዋታል፣ ያውም ሁለቱም። በቀብሩ ካለቀሰችው በላይ አሁን ማልቀስ አማራት፤ እንባው ግን እምቢ አላት።

መሐንዲሱ ምንም አልገባውም። «ቆይ፣ ቆይ፣ ይቺን እዪልኝ» አለ።

አባቷ ምስሉ ውስጥ ብቅ አለ። ፈገግ እንዳለ የሮቦቱን ደረት በመዳፉ ገፈተረው። ሮቦቱ ተንገዳገደ፤ ግራ እግሩ ከዳው።

ሳታስበው እጇ ተዘረጋና ጣቷ የስልኩን መስታወት ነካ። ምስሉ ቀጥ አለ፤ ሮቦቱም እንደተንጋደደ ሳይወድቅ ቀረ።

«ልቀቂው እንጂ» አለ መሐንዲሱ፣ «ራሱ ይተርፋል።»

ጣቷን አላነሳችም።