የሰባት ቀን ጨረር

ጥፋተኛው ስልኩ ነው። ሣባ በዚህ ነገር ከማንም ጋር አትከራከርም። እንጂማ ልጇ አርሴማ መች እንዲህ ነበረች! አሥራ አራት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ሲጠሯት "አቤት" የምትል ልጅ ነበረች። ስልክ ከተገዛላት ወዲህ ግን ሲያናግሯት ትነጫነጫለች፣ በሩን ጓ አድርጋ ትዘጋለች፣ በአማርኛ ሲጠይቋት በጣሊያንኛ ትመልሳለች። መልሷም አንድ ቃል ነው።

ይህን ሁሉ ሣባ የምታየው ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ሮም ውስጥ፣ ፕራቲ በሚባል ሰፈር፣ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት ፊሳ ገብታ፣ እዚያው እያደረች ነው የምትሠራው። ፒኜቶ ሰፈር ወዳለው ቤቷ የምትመጣው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። በቀሩት ቀናት አርሴማ ቤቱን አብራቸው ከተከራየችው ከልዕልቲ ጋር ናት።

የጨረሩን ነገር የነገረቻትም ይህችው ልዕልቲ ናት። የስልክ ጨረር የልጆች ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ቁጡ ያደርጋቸዋል፣ እንቅልፍ ይነሳቸዋል፣ እናታቸውን ሳይቀር ያስጠላቸዋል አለች፤ ከየት እንደሰማችው ግን አልተናገረችም። ሣባ ደነገጠች። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ደስም ብሏታል። ጨረር ከሆነማ ልጅቷ አልጠላቻትም ማለት ነው።

ስለዚህ አርሴማ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ ስትመጣ ሣባ የተላከላት እርዳታ መሰላት። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ገመድ አልባ መሣሪያዎች የሚለቁትን ጨረርና የወጣቶችን ጠባይ ያጠናሉ። ፈቃደኛ የሆነ ልጅ ሰባት ቀን ሙሉ የክብሪት ቀፎ የምታክል መለኪያ ወገቡ ላይ ያንጠለጥላል፣ የስልክ ጥሪው ይመዘገባል፣ ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላም ምን እንደተሰማው በደብተር ይጽፋል። ሣባ ሳታቅማማ ፈረመች። አርሴማ አኮረፈች፤ ታኩርፋ! ውጤቱ ሲመጣ ስልኩን ቀምታ ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች፣ ያኔ የድሮዋ ልጇ ትመለሳለች። ሐሳቧ ይኸው ነበር።

በዚያ ሳምንት ሥራ የሠራችው በአንድ እጇ ነው ማለት ይቻላል። ሲኞራዋን ቁርስ አብልታ ትደውላለች፦ በላሽ? ስልኩን አስቀመጥሽ? መድኃኒታቸውን ሰጥታ ትደውላለች፦ መለኪያውን አድርገሻል? ስልኩንስ አስቀመጥሽ? ልጅቷ ካላነሳች ሦስቴ አራቴ ትደጋግማለች። ስታነሳ ለምን አላነሳሽም ብላ ትቆጣታለች፤ ወዲያው ደግሞ እስካሁን ስልክ ላይ ምን ትሠሪያለሽ ትላታለች።

ለውጤቱ ዩኒቨርሲቲው የተጠሩት ሐሙስ ማምሻውን ነው። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር፣ ዶቶሬሳዋ፣ አስቀመጠቻቸውና ረጋ ብላ ጀመረች። አሎራ፣ እንግዲህ፣ ጨረሩ ጠባይ ይለውጥ አይለውጥ ገና አላወቅንም፣ አሁን የምንነግርዎ ስንት እንደሚደርሳት ብቻ ነው አለች። ሣባ ደሟ ፈላ። ሰባት ቀን ልጄ ላይ መለኪያ ስታንጠለጥሉ ሰንብታችሁ "አላወቅንም"? ልትል አሰበችና ዋጠችው። ዶቶሬሳዋ ቀጠለች። ከዋይፋዩም፣ ከጣራው አንቴናም የሚደርሳት ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ስታወራ የሚመጣው ነው።

ሣባ ወንበሯ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች። ይኸው፣ ተገኘ! ከማን ጋር ነው እንዲህ የምታወራው፣ ወንድ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ከጓደኞቿ ጋርማ ትጻጻፋለች እንጂ አትደዋወልም አለች ዶቶሬሳዋ፤ ከዚያ አርሴማን ዞር ብላ አየቻት። አርሴማ እንደማይገደው ሰው ትከሻዋን ነቀነቀች። ወረቀቱ ወደ ሣባ ተገፋ።

በሰባት ቀን ስልሳ ሦስት ጥሪ። ሃምሳ ስምንቱ ከአንድ ቁጥር። ሣባ ቁጥሩን ሁለቴ አነበበችው፤ የራሷ ነው። ከጎኑ፣ "ስሜት" በሚለው ሥር፣ በአርሴማ የእጅ ጽሑፍ በጣሊያንኛ ተደርድሯል፦ ተናደድኩ። ተናደድኩ። ሰለቸኝ። ተናደድኩ።

ዶቶሬሳዋ ጥሪውን ቀነስ ቢያደርጉ ወይም ድምፅ ማጉያውን ቢጠቀሙ ጥሩ ነው ትላለች። የምታወራው ስለ ጆሮ ነው። ሣባ ወረቀቱን ገፋ አድርጋ መለሰችው። አሥራ ስድስት ዓመት የተናገረችው ጣሊያንኛ ሁሉ ከአፏ ጠፋና በአማርኛ ወደ ልጇ ዞረች።

"ታዲያ እኔ በምን እናት ልሁንሽ?" አለቻት።

ዶቶሬሳዋ እናትሽ ምን እያሉ ነው ብላ አርሴማን ጠየቀቻት። አርሴማ አልተረጎመችላትም። ቦርሳዋን አንስታ "እንሂድ፣ ማማ" አለች።

በእግር ወደ ትራም ፌርማታው አመሩ። ሣባ በልቧ ልዕልቲን ረገመች፣ ጥናቱን ረገመች፣ ማታ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ግቢ የሚሏትን ሲኞራ ረገመች። ከሁሉም ያቃጠላት ግን አሁን የምትረግመው ጨረር እንኳን ማጣቷ ነው። ወደ ፕራቲ የሚሄደው አሥራ ዘጠኝ ቁጥር መጣ። አርሴማ እንደተኮሳተረች ነች።

"ስትደርሺ ደውዪልኝ" እናቷን አለቻት፣ በአማርኛ።

ሣባ ደርሳ፣ ኮቷን እንኳን ሳታወልቅ ደወለች። አርሴማ ወዲያው አነሳች። በላሽ ልትላት ነበር፤ ተወችው። ስልኩን አስቀምጪ ልትል አፏን ከፈተች፤ እሱንም ዋጠችው። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚባል ጠፋት። ዓመት ሙሉ ከእነዚህ ሌላ ለልጇ ምን ብላ ታውቃለች? ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ኮሪደሩ መሀል ቆመች። በወዲያኛው በኩል የልጅቷ ትንፋሽ ይሰማታል።

"ማማ፣ አለሽ?" አለች አርሴማ።

"አለሁ" አለች ሣባ፤ ሌላ የምትላትን ነገር ግን ገና እየፈለገች ነበር።