የመንታ እናት ተረከዝ

አንኮበር ውስጥ መንታ የወለደች ሴት ወገብ ትረግጣለች። ከጥንት እንዲህ ነው። ወገቡ የተያዘ ሰው ቁርበት ላይ በደረቱ ይተኛል፤ እሷ ጫማዋን አውልቃ በተረከዟ ሦስት ጊዜ ትረግጠዋለች፤ ይኸው ነው። ፍቅርተማርያም መንታ ከወለደች ወዲህ ስንቱን እንደረገጠች እንጃ። የዳነው አወራላት፣ ያልዳነው ዝም አለ። ስም የሚወጣው እንደዚሁ አይደል?

በነሐሴ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ የቤተ ክርስቲያኑን የሚያፈስ ቆርቆሮ ሊደፍኑ ወጥተው መሰላሉ ከዳቸው። በስልሳ ዓመታቸው ማን ውጡ አላቸው! በጀርባቸው ወደቁ። አንዱ አምቡላንስ ይጠራ ሲል፣ አምስቱ ፍቅርተን ጥሩ አሉ፤ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። እየሮጠች መጣች። በእግራቸው በኩል ቆማ ጫማዋን ስታወልቅ፣ መሪጌታ ወገቤን ነው እንጂ እግሬስ ደህና ነው ብለው የእግር ጣቶቻቸውን አንቀሳቅሰው አሳዩዋት። ከእሷ በቀር ያየ አልነበረም። ሰዎቹ በደረታቸው ሲገለብጧቸው መሪጌታ ራሳቸውን ሳቱ። አንዴ ረገጠች። ሁለተኛውን ስትረግጥ ከተረከዟ ስር አንድ ነገር ሸርተት አለ። ሦስተኛውን አልረገጠችም። የእግር ጣቶቻቸውን አየች፤ ጸጥ ብለዋል። ጫማዋን አደረገች።

መሪጌታ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተወሰዱ። ሐኪሙ የራጁን ፊልም ብርሃን ላይ ሰቅሎ ለሚስታቸው ለወለተ ጊዮርጊስና ለፍቅርተ አስረዳ። ፍቅርተ እጅ ላይ ያለውን መቁጠሪያ ተቀብሎ ዘረጋው። አከርካሪ ማለት ይኸው ነው አለ፤ አጥንቱ እንደ ፍሬው አንዱ ከሌላው ተደርድሮ፣ ህብለ ሰረሰር እንደ ክሩ በመሃሉ ያልፋል። አጥንት ቢሰበርም ከቦታው እስካልተንሸራተተ ድረስ ክሩ ሊተርፍ ይችላል። የእሳቸው ተንሸራትቶ ክሩን ቆርጦታል። ከዚያ፣ እንደወደቁ እግራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ወለተ ጊዮርጊስ አልነበርኩም አለች።

ፍቅርተ፣ «አላየሁም» አለች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሷ እያደር ከበደ። ሆድ ይፍጀው ብላ ነበር፤ ሆዷን ፈጀው እንጂ እሱስ አላለቀም። በየማለዳው እየሄደች፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል መሪጌታን ታገላብጣቸው ጀመር። ወለተ ጊዮርጊስ እናቴ እህት ባትወልድልኝ እግዜር አንቺን ሰጠኝ እያለች ትመርቃታለች። መሪጌታም ከመሰላሉ ወዲያ ያለውን ስለማያስታውሱ፣ ዘግይተው ጠሯት እንጂ እሷማ ታድነኝ ነበር ይላሉ። በየምርቃቱ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ትመኛለች።

በጥር አንድ ማለዳ አራት ሰዎች ከአሊዩ አምባ በቃሬዛ ሰው ተሸክመው፣ ፍቅርተ እዚህ ናት ተብለው መሪጌታ ቤት ድረስ መጡ። የወደቀው ዓወል የሚባል ነጋዴ ነው፤ ከአይሱዙ ላይ ከነጆንያው ተንከባሎ። ሚስቱ አፊፋ፣ በአላህ ይሁንብሽ ርገጪልኝ ብላ እግሯ ላይ ልትወድቅ ደረሰች። ፍቅርተ ብርድ ልብሱ የማይሸፍናቸውን የዓወልን የእግር ጣቶች አየች። ይንቀሳቀሳሉ።

አልረግጥም አለች። መሪጌታ ከአልጋቸው ሆነው ጫማሽን አውልቂ እንጂ፣ ምን ነካሽ አሏት። እግሬን አሞኛል ለማለት ከጀላት። አፊፋ ግን፣ አንቺ እንቢ ካልሽ ቆላ ሌይላ የምትባል መንታ የወለደች ሴት አለች፣ ወደዚያ እንመልሰዋለን አለች። ፍቅርተ ወደ መሪጌታ ዞረች።

«ጣትዎ ይንቀሳቀስ ነበር። ሳልረግጥዎ አሳይተውኛል። ሁለተኛውን ስረግጥ ከተረከዜ ስር ተንሸራተተ። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ አላየሁም አልኩት።»

መሪጌታ ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ለተሸካሚዎቹ፣ ሰውየው እንዳይተጣጠፍ፣ የኔን የሳንቃ በር ነቅላችሁ እሱ ላይ አጋድማችሁ ደብረ ብርሃን ውሰዱት አሉ። በሩ ተነቅሎ ዓወል ሲሄድ ፍቅርተን፣ «ከቤቴ ውጪ» አሏት።

ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሲነጋ እግሯ በለመደው ሰዓት ወደ ለመደው ቤት ወሰዳት። በር የሌለው ቤት ምን ይንኳኳል? ደፉ ላይ ቆመች። ወለተ ጊዮርጊስ አየቻትና ፊቷን አዞረች።

«አፊፋ ደውላ ነበር» አሉ መሪጌታ፣ ሳያዩዋት። «ክሩ ተርፏል፣ ይሄዳል ብለዋታል። የኔም ተርፎ ነበር።»

የፍቅርተ እንባ ወረደ።

«ይቅር አላልኩሽም» አሉ። «ግራ ጎኔ ግን ሲፈጀኝ አደረ። ነይ ገልብጪኝ።»