ቀስ ብለሽ ግቢ

ራኬብ ፊዚዮቴራፒ ተምራ ስትመረቅ፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ሰፈር ሱቅ ያላት እናቷ ልጄ ነጭ ጋወን ለብሳ ሆስፒታል ትገባለች ብላ ነበር። ራኬብ ግን የስፖርት ጉዳት ካልሆነ ብላ ድርቅ አለች። ኮልፌ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ የእግር ኳስ ክለብ ለሙከራ ተቀበላት፤ እስከ ውድድሩ ማብቂያ አሰልጣኙን ካስደሰተች ቋሚ ትሆናለች። ካላስደሰተች እናቷ "አላልኩሽም?" ልትላት ተዘጋጅታ ትጠብቃለች።

በመጀመሪያው ጨዋታ በረኛው ሮቤራ ወድቆ እግሩን ሲይዝ፣ ደጋፊው "ወጌሻ! ወጌሻ!" እያለ ጮኸ። ራኬብ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩጫ ደረሰች። ሮቤራ ጠቀሳት።

"ምን ያጣድፍሻል?" አላት፤ ምንም አልሆነም።

ቡድኑ አንድ ለባዶ እየመራ ነበር። በረኛ ሲታከም ደግሞ እንደ ሌላው ተጫዋች ከሜዳ ውጣ አይባልም፤ ጨዋታው ቆሞ ይጠብቀዋል። አሰልጣኙ ጋሽ ፈቀደ ስትመለስ ተቆጧት።

"ማነው ሩጪ ያለሽ? እየመራን እኮ ነው! እሱ ሲወድቅ ቀስ ብለሽ ግቢ። ዚፑን ክፈቺ፣ ዝጊ፣ ስፕሬዩን ፈልጊ። ይሄም ሙያ ነው።"

እውነትም ሙያ ነበር። ራኬብ ያሰረችውን ፋሻ ፈትታ እንደገና ማሰር፣ ዳኛው ሲቆጣ "አንዴ ብቻ" እያለች መለማመጥ ቻለችበት። መጀመሪያ ከንክኗት ነበር፤ ቡድኑ ማሸነፍ ሲጀምር ግን ጣማት። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው ነገሩ። ሮቤራ ሲያቃስት እሷ ሳቋን ለመደበቅ ቦርሳዋ ላይ ታጎነብሳለች።

የመጨረሻውን ጨዋታ ካሸነፉ ወደ ላይኛው ሊግ ያልፋሉ። አንድ ለባዶ እየመሩ ሮቤራ ኳስ ለመያዝ ዘሎ ሲወርድ ወደቀ። ጋሽ ፈቀደ መዳፋቸውን ወደ መሬት ዝቅ ዝቅ አደረጉ፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። ራኬብም ሜዳውን እንደ ሽርሽር አቋረጠችው።

"ጉልበቴ ቀጭ አለብኝ" አላት ሮቤራ።

ቀጭ ያለ ጉልበት ይዞ ተነስ የሚባል ተጫዋች የለም፤ በቃሬዛ ይወጣል። ይህን ራኬብ ከማንም በላይ ታውቃለች። ጉልበቱን ግን አልነካችም፤ ስፕሬይ ብቻ ነፋችበት።

"ዛሬስ የለየለት ተዋናይ ሆነሃል" አለችው።

"የእውነቴን ነው፣ ራኬብ።"

"መቼ የውሸትህን ሆኖ ያውቃል? በል ተነስ፣ ዳኛው እያየን ነው።"

ተነሳ። ከማዕዘን የተሻማውን ኳስ ዘሎ በቡጢ መለሰና በዚያው እግሩ አረፈ። ጩኸቱ ሲሰማ ራኬብ ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሳ ሮጠች፤ ያን ቀን የሮጠችው ያኔ ብቻ ነው።

ጨዋታውን አሸነፉ። ሐኪሙ የጉልበቱ ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል አለ፤ መጀመሪያ እንደወደቀ ቢወጣ ኖሮ እንዲህ ባልከፋ ነበርም አለ። ያን ሳምንት ጋሽ ፈቀደ የክለቡን ቱታ ይዘው መጡ።

"ቋሚ ነሽ። ያቺን ሰዓት ባትገድዪልን አናልፍም ነበር።"

ራኬብ ተቀበለች። ብትመልሰው ለሮቤራ ምን ይጠቅመዋል ብላ ራሷን አሳመነች። እናቷ ቱታውን ለጎረቤት ሁሉ አሳየች።

ሮቤራ ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ከተደረገ በኋላ በክራንች ወደ ክለቡ ማከሚያ ክፍል መጣ። ዳግም በረኛ እንደሚሆን ማንም እርግጠኛ ሆኖ አልነገረውም። ራኬብ አልጋው ላይ አስተኝታ እግሩን በጥንቃቄ ማጠፍ ጀመረች። ፊቱ ላይ ምንም አላነበበችም።

"እዚህ ጋ ያምሃል?" አለችው።

ሮቤራ ቀና ብሎ አያት።

"አዎ ብልሽ ታምኚኛለሽ?"